ወደብ ያጣችው «ኢትዮጵያ»፣ ከሰቆጣ ስትታይ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ቀርበው የቀይ ባሕርን ጉዳይ በይፋ ካነሱ ወዲህ ስለባሕር በር የማያወራ የለም። በአዲስ አበባ ካፌዎች፣ በዩኒቨርሲቲ አዳራሾች፣ በማኅበራዊ ድረ ገጾች ሁሉም የራሱን ካርታ ዘርግቶ ይሟገታል። አንዱ ከአክሱም ይነሳል፣ ሌላው ከአልጀርስ ስምምነት። ክርክሩ መኖሩ አይከፋም። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎ አገኘዋለሁ። ባሕር ኃይል በነበረን ጊዜ በእጃችን የነበረው ምን እንደነበረ፣ እንዴትስ ከእጃችን እንደወጣ በዝርዝር የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ሲነሳም በአብዛኛው በትዝታና በቁጭት ነው።

እኔ ዛሬ የማነሳው ስለ አንዲት መርከብ ነው። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። የማነሳትም ከምፅዋ ወይም ከአሰብ ተነስቼ ሳይሆን ከሰቆጣ ተነስቼ ነው። «ሰቆጣንና መርከብን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺሕ ሜትር ከፍ ብላ በዋግ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ለለካ ግን የቀይ ባሕር ዳርቻ ከዚያ በቀጥታ መስመር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዕርዳታ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ነዳጅ የሚመጣው ግን ከዚህ ቅርብ ዳርቻ አይደለም። ከጅቡቲ ተነስቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በወልድያና በኮረም በኩል ዞሮ፣ ከእጥፍ የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ ነው ሰቆጣ የሚደርሰው። ስለዚህ የባሕር ነገር ለዋግ ሰው የኩንታል ዋጋ ጉዳይ ነው። በሰሜን በኩል ጦርነት ሲነሳ ደግሞ እሳቱ ቶሎ ከሚደርስባቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ኽምራ መሆኑን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አይተናል። ይህንን ይዘን መርከቧን እንመልከታት።

«ኢትዮጵያ» ኢትዮጵያ ውስጥ አልተሠራችም። ሲጀመርም ለኢትዮጵያ ተብላ አልተሠራችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ በዋሽንግተን ግዛት ሆተን በምትባል ስፍራ በነበረው የሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1942 ውኃ ላይ ወረደች። ያኔ የተሰጣት ስም «ኦርካ» ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ጭነቷን ስትይዝ ክብደቷ ወደ 2,600 ቶን ይጠጋል፤ ፍጥነቷም በሰዓት 18 ኖት ያህል ነበር። «ባርኔጋት» እየተባለ ከሚጠራው የመርከብ ዓይነት አንዷ ናት።

የዚህ ዓይነት መርከብ ሥራ ምን እንደሆነ ካልተረዳን የኋላውን ታሪኳን አንረዳውም። «ኦርካ» መድፍ ብትታጠቅም ዋና ሥራዋ መዋጋት አልነበረም። ድጋፍ ሰጪ ነበረች። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል በውኃ ላይ የሚያርፉና ከውኃ ላይ የሚነሱ አውሮፕላኖች ነበሩት። እነዚህ አውሮፕላኖች በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች መካከል ጠላትን ሲያስሱና ከባሕር የወደቁ ሰዎችን ሲያነሱ ነዳጅ የሚቀዳላቸው፣ የሚጠግናቸው፣ አብራሪዎቻቸውን የሚያበላና የሚያስተኛ ያስፈልጋቸዋል። በአቅራቢያው የአየር ማረፊያ የለም፤ ጠላት ይዞታል ወይም ገና አልተሠራም። «ኦርካ» እና እህቶቿ ያንን ክፍተት ይሸፍኑ ነበር። አንዷ መርከብ ብቻ 300 ሺሕ ሊትር ያህል የአውሮፕላን ነዳጅ ትይዛለች፤ ከዚያ ላይ መለዋወጫ፣ ጥይት፣ የጥገና ክፍልና መኝታ አላት። በአጭሩ የጦር ሰፈር በሌለበት ቦታ የጦር ሰፈር እንድትሆን የተሠራች መርከብ ናት። አንባቢ ይህቺን ነጥብ ይያዝልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

«ኦርካ» በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ዘመቻዎች አገልግላ፣ ከጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች ጥቃት ተርፋ፣ ሦስት የጦር ሜዳ ኮከብ አግኝታለች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ከአገልግሎት ወጣች፤ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1951 እንደገና ተጠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ዳግመኛ ጡረታ ወጣች። የውኃ ላይ አውሮፕላኖች ዘመንም እያለፈ ነበርና አሜሪካኖቹ ብዙም አላዘኑላትም።

የእኛ ባሕር ኃይል በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነው። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አገሪቱ ከአንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ዳርቻ አገኘች። ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ምፅዋ ዋናው የባሕር ኃይል ሰፈር ሆነች፤ አስመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ፤ ለማሠልጠንና ለማደራጀት የኖርዌይ መኮንኖች መጡ። በአንፃሩ አሜሪካ አስመራ ላይ ለቃኘው ጣቢያ የምትፈልገው መሬት ነበራትና የጦር መሣሪያ ዕርዳታዋን አልነፈገችም። «ኦርካም» በዚሁ መንገድ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1962) ወደ ኢትዮጵያ ተዛወረች። «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ኤ-01 የሚል ቁጥር ተሰጣት፤ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። መርከቧ ምፅዋ በደረሰችበት ዓመት ገደማ ምፅዋን በኋላ የሚያሳጣው የፖለቲካ ውሳኔ ተወሰነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ነገር አያይዞ ያየ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያሉት አሥራ ሁለት ዓመታት የመርከቧ መልካም ዘመን ነበሩ። ዕጩ መኮንኖች የክፍል ትምህርታቸውን አስመራ ላይ ይማሩና ባሕሩን በእሷ ላይ ይማራሉ። በየዓመቱ ምፅዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፤ የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ መርከቦች በእንግድነት ይመጣሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አሜሪካዊና ሶቪየታዊ መርከበኞች በአንድ ወደብ አንድ በዓል የሚያከብሩበት ሌላ ቦታ እምብዛም አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ነበሩ። በዓሉም መርከቧም ለአገሪቱ ክብር ሰጥተዋል፤ ይህንን ማቃለል አልፈልግም።

ሰቆጣ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንድ የቀድሞ ባሕረኛ አግኝቼ ስለዚያ ዘመን ጠይቄያቸው ነበር። እሳቸው ከዋግ ወጥተው ምፅዋ እስኪደርሱ ድረስ ከተከዜ የሚበልጥ ውኃ አይተው አያውቁም ነበር። ስለ በዓሉና ስለ ነጭ የደንብ ልብሱ ይነግሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰውየው ግን አብዝተው ያወሩልኝ ስለ ዝገት ነው። በምፅዋ ሙቀትና ጨው ውስጥ ብረት እንደ ቅጠል ይረግፋል አሉኝ። ጠዋት ፍቆ፣ ከሰዓት ቀለም ቀብቶ፣ በሳምንቱ እንደገና መፋቅ ነው። የሚጠጣ ውኃ በልክ ነው፤ ሞተር ክፍል የገባ ሰው ሲወጣ ልብሱ ይጨመቃል። መርከብ ከባሕሩ ይልቅ ከወደቡ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከመሬት ውኃ፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫና ሰው ካልመጣላት ቆማ ትሞታለች አሉ። ብዙ መጽሐፍ ያነበቡ ተንታኞች ያልነገሩኝን ነገር ከኚህ አባት ሰማሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ልጥቀስ። ከ«ኦርካ» እህቶች አንዷ የነበረችው «ጋርዲነርስ ቤይ» ለኖርዌይ ተሰጥታ «ሆኮን ሰባተኛ» በሚል ስም እንደ እኛዋ ማሠልጠኛ መርከብ ሆና ነበር። ኖርዌይ በመርከብ ሙያ ዓለም የሚያውቃት፣ የመርከብ መጠገኛ ያላት አገር ናት። መርከቧን አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ተጠቅማባት እ.ኤ.አ. በ1974 «አርጅታለች» ብላ አሰናበተቻት። እኛ ያንኑ ዓይነት መርከብ ከዚያ በኋላ ሌላ አሥራ ሰባት ዓመት ይዘናት ቆይተናል። ይህ በአንድ በኩል የመሐንዲሶቻችንንና የባሕረኞቻችንን ብርታት ያሳያል። ምናልባት በታሪካችን ውስጥ በቂ ምስጋና ያላገኙ ሰዎች እነሱ ናቸው። በሌላ በኩል ግን በቦታዋ የሚተካ አልነበረም ማለትም ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። አድሚራል እስክንድር በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር የነበረውን ወታደራዊ ግንኙነት ቆረጠ፤ ቃኘው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ኃይሉ አዳዲስ መርከቦች የሚመጡት ከሶቪየት ኅብረት ነው፤ ሚሳኤል ተሸካሚ ጀልባዎች፣ ፍሪጌቶች፣ ወታደርና ታንክ የሚያራግፉ መርከቦች መጡ። ሶቪየቶች ዳህላክ ላይ የራሳቸውን ሰፈር ከፍተው ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ አመጡ። አሜሪካ ሠራሽ የሆነችው «ኢትዮጵያ» በዚህ መሐል የእናት ቤት በር የተዘጋባት ልጅ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. ዋዜማ የባሕር ኃይሉ 3,500 ያህል ሰው፣ ሁለት ፍሪጌት፣ ስምንት የሚሳኤል ጀልባ፣ ስድስት የቶርፔዶ ጀልባ፣ ስድስት የጥበቃ ጀልባና ሌሎችም ነበሩት። ከድጋፍ ሰጪና ከማሠልጠኛ መርከብ ወገን ግን የነበረው ሁለት ብቻ ነው። የሚተኩሰው ብዙ፣ የሚደግፈው ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ዋግ ልመለስና አንድ ደስ የማይል ነገር ላንሳ። በ1977 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሁለት የባሕር ወደቦች ነበሯት። ባሕር ኃይል ነበራት፤ ስሟን የያዘች ዋና መርከብም ነበረቻት። ዛሬ «ብናገኝ» ብለን የምንመኘው ሁሉ በእጃችን ነበር። በዚያው ዓመት ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው የዋግ አውራጃ ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረም ይጎርፍ ነበር። በኦክቶበር 1984 የቢቢሲ ፊልም ለዓለም ያሳየው የኮረም ሜዳ ላይ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ የዋግ ሰዎች ናቸው። የዓለም እህል አሰብና ምፅዋ እየደረሰ ተቆለለ፤ መርከቦች ተራ ጠበቁ። ከወደቡ ወዲህ ያለው መንገድ ግን ካሚዮን አልነበረው፣ ሰላም አልነበረው። መንግሥት አንድ በኩል፣ አማፂያን ሌላ በኩል ይዘው የዋግ ገጠር በሁለት እሳት መካከል ነበር። በመጨረሻ የውጭ አገር አየር ኃይሎች አውሮፕላን ጆንያ ከአየር ላይ እስከመጣል ደረሱ። ወደብ ኖሮን ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ይህንን የማነሳው «የባሕር በር አያስፈልገንም» ለማለት አይደለም። እንዲያ የሚሉትን ወገኖች ክርክር አልቀበልም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ንግዷን በአንድ ጎረቤት ወደብ ላይ አንጠልጥላ ልትኖር አይገባትም። ይህ የኢኮኖሚም የደኅንነትም ስጋት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የባሕር በር ጥቅሙ ከወደቡ ወዲህ ባለው ሰላምና መንገድ ነው የሚለካው። የባሕር ኃይልም ዕድሜው የሚወሰነው በየብሱ ላይ ነው። የ«ኢትዮጵያ» የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ይህንን በሚገባ ያሳያሉ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምፅዋን ያዘ። የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈር፣ ዎርክሾፑ፣ መጋዘኑ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእጅ ወጣ። ልብ በሉ፣ ምፅዋ በባሕር ላይ በተደረገ ጦርነት አይደለም የወደቀችው። በየብስ በኩል የመጣን ኃይል መርከቦቹ ሊያስቆሙት አልቻሉም። የቀረው ኃይል ወደ አሰብና ወደ ደሴቶቹ ተሰበሰበ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ተያዘ። በዚያ ሳምንት ከመርከቦቹ ገሚሶቹ ተመትተው ሲሰጥሙ ሌሎቹ ባሕሩን አቋርጠው የመን ገቡ። «ኢትዮጵያም» ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ያህል ዕጩ መኮንኖችን ያስተማረችው መርከብ የመጨረሻ ጉዞዋን ያደረገችው በስደተኝነት ነው።

ቅድም ይያዝልኝ ያልኩት ነጥብ ይኸው መጣ። የጦር ሰፈር በሌለበት የጦር ሰፈር እንድትሆን የተሠራችው መርከብ የራሷ የጦር ሰፈር ሲጠፋ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆየችው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዕድሜዋ ሃምሳ ዓመት ሞልቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፤ የመንም የባሕር ኃይላችንን ቅሪት ከግዛቷ አስወጣች።

የቀሩት መርከቦች ደግሞ ወደ ጅቡቲ ሄዱ። እዚያ የደረሰባቸው ነገር ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ካልሆነ ለታሪክ ጸሐፊ የሚመች አይደለም። ወደብ ላይ መቆሚያ ይከፈላል፤ የሚከፍል የለም። አገር ውስጥ የነበረው አዲስ መንግሥት የባሕር ዳርቻ የሌለው ባሕር ኃይል ምን እንደሚያደርግለት አልታየውም። ዕዳው ተጠራቀመ። በመስከረም 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ መርከቦቹን ይዛ ለጨረታ አወጣቻቸው። ኤርትራ አሥራ ስድስቱን ለመግዛት ፈልጋ በመጨረሻ አራቱን ብቻ ወሰደች፤ የቀሩት ለብረት ተሸጡ። አንዲት የጥበቃ ጀልባ ብቻ በየብስ ተጭና ጣና ሐይቅ ገባች። በጥይት ያልሰጠመው ባሕር ኃይል በኪራይ ዕዳ ሰጠመ።

አንባቢ «ያለወደብ ሌላ ምን ሊደረግ ይቻል ነበር?» ይል ይሆናል። መልሱ ከዚያው ከጅቡቲ ይገኛል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ያው ወደብ የጠፋበት ድርጅት ነው። አሰብን አጣ፤ በጅቡቲ ይሠራል፤ በኪራይ ወደብ፣ በሰው ዳርቻ እስከ ዛሬ ጭነት ያመላልሳል። ስሙ ተለዋውጧል፣ ከሎጂስቲክስ ሥራ ጋር ተዋህዷል፣ ግን አለ። ለምን? ያመላለሰው ጭነት ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘቡ ወደብ ይከፍላል፣ መርከብ ያስጠግናል፣ ባሕረኛ ያሠለጥናል። በውኃ ላይ ለመቆየት የየብስ ላይ ምንጭ ነበረው። የጦር መርከቦቹ ምንጭ በጀት ብቻ ነበር፤ በጀቱ ሲቆም ቆሙ። ይህንን ልዩነት ስለ አዲሱ ባሕር ኃይል በሚደረገው ውይይት ውስጥ ብዙም አልሰማሁትም።

አዲሱ ባሕር ኃይል ደግሞ ተጀምሯል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና እንደምትገነባ ተናገሩ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ ሲመጡ በዚሁ ጉዳይ የትብብር ስምምነት ተፈረመ። ዋና መምሪያው ባሕር ዳር እንዲሆን መታሰቡም ተዘግቦ ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፤ ግብፅ እጇን አስገባች። ከዓመት ገደማ በኋላ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በቱርክ አሸማጋይነት የአንካራው መግለጫ ወጣ። በኤርትራ በኩል ደግሞ ቃላቱ እየከረሩ፣ የአሰብ ስም በአደባባይ እየተነሳ መጥቷል።

የ«ኢትዮጵያ»ን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። መርከቡ የሚቆመው በማን ወደብ ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ነው፤ ባለወደቡ መንግሥት ሲቀየር ምን ይሆናል? የመን መንግሥት ሐሳቡን ሲቀይር ምን እንደሆነ አይተናል። የሚጠግነው ማን ነው? መርከቡን የሚሸጥልን አገር ከእኛ ጋር ቢጣላስ? በ1969 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ በሩን አንኳኩቷል። የወደብ ኪራዩን በየወሩ የሚከፍለው የትኛው በጀት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለሚመለከታቸው ማቅረብ የአገር ፍቅር ማነስ ተደርጎ እንዳይታይብኝ እሰጋለሁ። በ1954 ዓ.ም. የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ግን የ1985ቱን ውርደት ባላየን ነበር ብዬ አምናለሁ። አድሚራሎች ከመሾማቸው በፊት የጥገና መሐንዲሶች ቁጥር ቢነገረን እመርጣለሁ።

«አሰብን በጉልበት» የሚለውን ወሬ በተመለከተ ደግሞ ከሰቆጣ የሚታየው ከአዲስ አበባ ከሚታየው ይለያል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ገብቷል። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች ሰቆጣና አካባቢዋ ላይ በድንኳንና በመጠለያ ከርመዋል። የኮረም መንገድ ሲዘጋ ከተማዋ ከምግብና ከመድኃኒት ጋር ተቆራርጣ ነበር። ቀጣዩ ጦርነት የባሕር በር ጦርነት ቢሆን እንኳ የሚካሄደው በባሕር ላይ አይደለም። ምፅዋም አሰብም የተያዙት በየብስ ነው። ሰሜኑ እንደገና የጦር ቀጠና ሲሆን ስንዴ የሚያመጣው መንገድ መጀመሪያ ይዘጋል። የዋግ ገበሬ ቀይ ባሕርን ሳያይ ዋጋውን በቅድሚያ ይከፍላል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ዋግ ሌላ ቀጠሮ አለበት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» በሚል ስም ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ቃል ገብቷል። ስሙ የተሰየመው የ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አንዱ በሆነው በዚሁ አካባቢ ነው። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው የጀመረው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ መንፈስ ነበረው፤ ጦርነቱ ግን ቃል ኪዳኑ የተጀመረባቸውን ወረዳዎች ራሳቸውን አመሳቀላቸው። እ.ኤ.አ. 2030 ሩቅ አይደለም።

የሚገርመው ነገር ዋግ ዛሬ የራሱ «ባሕር» አለው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያቆረው ውኃ ወደ ዋግ ኽምራ ቆላ ወረዳዎች ዘልቆ ገብቷል። ትናንት ፍየል ይጠብቁ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ ዓሣ አስጋሪ ሆነዋል፤ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ሰው በጀልባ ይሻገራል። ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። ዳር ላይ ሞተሯ የተበላሸ ጀልባ ተገልብጣ አየሁ። ለምን አትጠገንም ብዬ ጠየቅኩ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው አሉኝ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከጅቡቲ። የበረዶ ማምረቻ ስለሌለ የተያዘው ዓሣ በሙቀቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ብዙውን ያደርቁታል። ሰቆጣ ገበያ ለመድረስ ያለው መንገድ በክረምት ያስቸግራል። ለእነዚህ ልጆች የጎደላቸው ውኃም ጀልባም አይደለም። መካኒክ፣ በረዶና መንገድ ነው።